በጠረጴዛ ቁጥር ሰባት ስለ ጎደለው አንድ ወንበር

ለተከበሩ አቶ ዌስሊ ብራንድት
የቲምብል ሌክ የአረጋውያን መኖሪያ መንደር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ምንጣፉ ገና ወዳልተረገጠው ቢሮዎ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ እራቱን ከእኔ ጋር እንዲበላ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤንነትዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ እንደምን ሰነበቱ? ገና የአርባ አንድ ዓመት ጎልማሳ ስለሆኑ ወገብና ጉልበት እንዳለዎትም ላያውቁ ይችላሉ፤ ፈጣሪ ለረጅም ጊዜ እንዳያሳውቅዎ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ እኔ ግን ከቶ አይስጉ፤ ዛሬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በክፍሌ በር እጀታ የተንጠለጠለችውን ካርድ ከቀይ ፊቷ ወደ አረንጓዴ ፊቷ ስለ ገለበጥኋት፣ በእርስዎ መዝገብ ዘንድ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ በሕይወት አለሁ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ «ውድ አርሊን» ብለው ስለ ጻፉልኝ ራሴን ባስተዋውቅ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ስሜ አርዲስ ቶለፍሰን ነው። ዕድሜዬ ሰማንያ ሰባት፣ ክፍሌ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሲሆን፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የዚህችን ከተማ ልጆች በአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ያመላለስሁ ሾፌር ነኝ። በዊስኮንሲን በረዶ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም። የልጆቹን ስም ልረሳ እችላለሁ፤ ማን የት ወንበር ላይ ይቀመጥ እንደነበረ ግን አልረሳም። ይህን መንገሬ ለመኩራራት ሳይሆን፣ ትዕግሥቴ በስንት ጫጫታ ተፈትኖ እንዳለፈና አሁን የት ላይ እንዳለቀ እንዲረዱልኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ያልላክሁት ከንቀት የተነሣ አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ ለብቻዎ ልኬ ለሦስቱም «አስተያየትዎን እናከብራለን» የሚል ካርድ ከአንዳንድ ከረሜላ ጋር ደርሶኛል። ከረሜላው ጥርስ ላለው ሰው የተሠራ ነበር፤ ቢሆንም እግዜር ይስጥልኝ። ይህኛው በአሳንሰሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በቢንጎ ጨዋታው ፕሮግራምና የእግር ጥፍር ቆራጩ በሚመጣበት ቀን መካከል ተለጥፏል፤ በዚህ ቤት ከዚያ ይልቅ የሚነበብ ቦታ የለምና። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁ።

፩ኛ/ በመጀመሪያ ሠራተኞችዎ ስለሚያሳዩን የቤተሰብነት ስሜት ላመሰግን እወዳለሁ። ገና የሃያ ዓመት ወጣቶች ሆነው ሳለ በየጠዋቱ እየመጡ «ዛሬ እንዴት ነን? መድኃኒታችንን ዋጥን? ሽንታችንን ሸናን?» እያሉ የእኛን ሽንት የራሳቸው አድርገው ይጠይቁናል፤ እንዲህ ያለ መተሳሰብ በየትም አላየሁም። ጎረቤቴ በርናዲን ዙልከ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን አርባ ዓመት የመራች፣ ጨዋነቷ የታወቀ ሴት፣ ባለፈው ሳምንት «እኔስ ሸንቻለሁ የኔ ልጅ፤ ስለ አንቺ ግን ዋስ አልሆንም» ብላ ለአንዲቱ ልጅ መለሰችላት። ይህን የምነግርዎ ልጅቷን ለመክሰስ አይደለም፤ ልጅቷ በሳቅ ሞተች፤ እንዲህ እንድትል ያስተማራትን ወረቀት የጻፈው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን።

፪ኛ/ ስለ ደኅንነታችን ለሚያደርጉት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በየአንገታችን ቁልፍ ያላት ማንጠልጠያ አድለውናል፤ የወደቀ ሰው ይጫናታል፣ ሰው ሮጦ ይደርሳል። ባለቤቴ ሃርላን ግን አላሰራትም። ሃርላን የወተት ላም ገበሬ ነበር፤ ሃምሳ አራት ላሞቹን በየስማቸው ይጠራ ነበር፣ ቁጥር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠለው ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲል ብቻ ነው። ማንጠልጠያዋን ያመጣችለት ልጅ አንገቱን ዝቅ እንዲያደርግ ብትለምነው፣ «ልጄ፣ ይህንን ስንት ላም አንገት ላይ አስሬያለሁ መሰለሽ፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ፤ የቄራው ጭነት መኪና ነው» አላትና፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በተቀመጠችው የሸክላ ጥጃ አንገት ላይ አሰራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥጃዋ አንድም ቀን አልወደቀችም።

ሃርላን ግን ወደቀ። በጁን ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ እኔ እንደ ልማዴ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ መዋኛው ለጉልበቴ እንቅስቃሴ ስወርድ ካርዷን ወደ አረንጓዴ ገልብጬ ወጣሁ። እሱ መታጠቢያ ቤት ነበር፤ ውኃው ሲወርድ ሰማሁ፤ ደኅና ነው አልሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መስታወት ሳላይ ፍሬን ለቅቄ የማላውቅ ሴት ያን ጠዋት በሩን ከፍቼ ሳላየው ካርዷን ገለበጥሁ። በሦስት ሰዓት ስመለስ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ፣ ውኃው እንደ ተከፈተ፣ እሱ በቀዝቃዛው ሸክላ ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። ወረቀት ይዞ በየበሩ የሚዞረው ተቆጣጣሪዎ በዚያ መካከል ሁለት ጊዜ አልፏል፤ አረንጓዴ አይቶ ምልክት አድርጎ ሄዷል። በዚህ ማንንም አልከስም። ካርዷን የገለበጥኋት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ስጽፍ እያለቀስሁ ነው። የሚደንቀኝ የጽሕፈት ቤትዎ ዘገባ ብቻ ነው፤ «ነዋሪው በሰላም ላይ ሳሉ ወደቁ» ይላል። ወይ ሰላም!

፫ኛ/ ከሆስፒታል ሲወጣ ሃርላን ወደ እኔ ክፍል አልተመለሰም። ይህ ቤት ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ያቋቋሙት ሰዎች ስለ ነገሩን ገብተን ስንፈርም እናውቅ ነበር፤ አረንጓዴ ምንጣፍ ያለው ክንፍ ራሳቸውን ለቻሉ ሰዎች፣ ቡናማ ምንጣፍ ያለው ክንፍ ለሚታገዙ ሰዎች፣ በመካከላቸው የመስታወት በር። እሱ እንዲታገዝ ተወሰነ፤ የሚያነሣውና የሚያለብሰው ብርቱ ክንድ ያስፈልገው ነበርና እኔም አልተቃወምሁም። ክንፉ ሌላ ይሁን እንጂ ምግባችን አንድ ላይ ነበር። በጁላይና በኦገስት በየቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል፣ ባለ ጎማ መደገፊያውን እየገፋ፣ ኤሊ በምትቀድመው ፍጥነት ወደ ትልቁ አዳራሽ እየመጣ በጠረጴዛ ቁጥር ሰባት ከእኔ፣ ከበርናዲንና ከኦርቪል ፓቬልስኪ ጋር ይቀመጥ ነበር። ሾርባ ይፈስበት ነበር፤ እውነት ነው። አንድ ጊዜ ቦሎቄ ከሳህኑ ተፈናጥሮ እስከ ጠረጴዛ ቁጥር አምስት ድረስ ደርሶ ነበር፤ ይህም እውነት ነው፤ ጠረጴዛ አምስቶች ግን ጨው ጨምረው በሉት።

ከዚያ የኦገስት መጨረሻ ስብሰባዎ መጣ። «የክብር ማዕድ መመሪያ» የሚል በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ጽሑፍ አድለው፣ ከሴፕቴምበር አንድ ጀምሮ የሚታገዙ ነዋሪዎች ከመስታወቱ በር ወዲያ ባለው ትንሽ ክፍል ብቻ እንደሚበሉ፣ የእነርሱ የምግብ ሰዓት «የተጠበቀ» ስለሆነ ከሌላ ክንፍ ማንም እንደማይገባ፣ ባልና ሚስት የሆኑ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሁለት ቀን አስቀድመው ፎርም ከሞሉ፣ በእንግድነት መቀመጥ እንደሚችሉ አብራሩልን። ለስድሳ ሁለት ዓመት ባሌ እንግዳ ሆኜ መቅረብ እንደምችል ስላሳወቁኝ ክብር ይስጥልኝ። እጄን አውጥቼ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአንድ ወንበር ብቻ፣ እንዲፈቀድ ብለምንዎ ፈገግ ብለው የመለሱልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «አርሊን፣ ለአንድ ሰው ከፈትን ማለት ለሁሉም ከፈትን ማለት ነው። ደንብ ደንብ ነው።»

ኦርቪል ፓቬልስኪ በዚህች ከተማ ሃምሳ ዓመት ቀብር አስፈጻሚ ሆኖ የኖረ፣ ዛሬም ሰው ሲያይ ቁመቱን በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው። ያን ቀን ተነሥቶ ምን እንዳለዎት ባይረሱት ደስ ይለኛል። «አቶ ብራንድት፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ስቀብር ባልና ሚስትን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጥሁት፤ አንድም ሬሳ ቅር ብሎኛል ብሎ አልመጣብኝም» አለዎት። እርስዎም «ጥሩ ቀልድ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። ሰውዬው ግን አልቀለደም።

የመመሪያው እውነተኛ ምክንያት ለእኛ ለሽማግሎቹ አልተሰወረም፤ ዓይናችን ደከመ እንጂ ጆሯችን ገና ነው፣ የበርናዲን ጆሮም ባትሪ ሲገባበት ይሰማል። በየዓርቡ እናታቸውን ሊያስገቡ የሚያስቡ ልጆች ቤቱን ለመጎብኘት ይመጣሉ፤ አስጎብኚዋም በጠረጴዛችን አጠገብ ቆማ «እንደምታዩት እዚህ ሁሉም ብርቱዎች ናቸው» ትላቸዋለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ስትል ሃርላን አገጩ ላይ ድንች ይዞ ፈገግ ብሎላት ነበር። ድንቹ ነው ያባረረው፤ ክብርማ ምኑም አልነበረበት።

፬ኛ/ የዓርብ ዓሣ ለልባችን ሲባል መጠበሱ ቀርቶ በእንፋሎት መብሰል ጀምሯል። የዓርብ ዓሣ ጥብስ እንደ ሃይማኖት በሚከበርበት በዊስኮንሲን ውስጥ፣ ዓርብ ቀን፣ በእንፋሎት! አያቶቻችን ይህንን ቢሰሙ ከመቃብር ይነሡ ነበር፤ ይህንን ግን ይቅር ብዬዎታለሁ፤ አሁን ሌላ የሚያንገበግበኝ አለኝ።

፭ኛ/ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሃርላን አይበላም።

ነገሩ እንዲገባዎ ወደ እርሻችን ልመልስዎት። እኔ ልጆቹን በየደጃቸው አድርሼ፣ አውቶቡሱን አቁሜ፣ አጥቤ ወደ ቤት ስገባ ይመሻል፤ በረዶ የበዛ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እዘገያለሁ። እሱ ላሞቹን አልቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሳህኑን ፊቱ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ይጠብቀኛል። ድንቹ ይቀዘቅዛል፣ መረቁ ይረጋል፣ እሱ ሹካ አያነሣም። «ሰው አይደለህ? ብላ እንጂ!» ብዬ ስቆጣው «ብቻዬን የበላሁት አይረጋልኝም» ይለኝ ነበር። ስድሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረናል፤ አንድም ቀን ሳልቀመጥ አልጀመረም። እኔ ወለድሁ ተብዬ በተኛሁበት ሆስፒታል እንኳ ሳህኑን ይዞ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በልቷል።

ከዳሌው ስብራት ወዲህ አሳቡ አንዳንዴ ይንሸራተታል። አሁንም አውቶቡስ የምነዳ ይመስለዋል። በትንሹ ክፍል የዓሣ ማርቢያው መስታወት ፊት ያስቀምጡታል፤ በአሥር ሰዓት ተኩል ሳህኑ ይቀርብለታል፤ እሱ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ይጭናል። አስተናጋጇ ልጅ መጥታ «ሃርላን፣ ለምን አንበላም?» ትለዋለች። «ሚስቴ ገና ከመንገድ አልገባችም፤ በረዶው ከባድ ነው» ይላታል። ሴፕቴምበር ነው፤ በረዶ የለም። ልጅቷም ደግ ናት፣ «እሺ እንጠብቃለን» ትለዋለች፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ግን ጠረጴዛ ማጽዳት ስላለባት ሳህኑን ታነሣና በወረቀቱ ላይ «ምግብ እምቢ አሉ» ብላ ትጽፋለች። ወረቀቱ ሌላ የሚሞላ ቦታ የለውም።

እምቢ አላለም፣ ክቡር ሆይ። እየጠበቀኝ ነው። እኔ ደግሞ ከእሱ ሠላሳ እርምጃ ርቄ፣ በመስታወቱ በር በዚህ በኩል ቆሜ አየዋለሁ። ጀርባው ነው የሚታየኝ። ባንኳኳ አይሰማም፤ ቢሰማም ዓሣዎቹ መስሎት ይሆናል። እኔም ወደ ጠረጴዛ ሰባት ተመልሼ እንፋሎት ያበሰለውን ዓሣ አየዋለሁ፤ እንደ እሱ ሁሉ እኔም መዋጥ አቅቶኛል።

በእንግድነት በምቀመጥባቸው ሁለት ቀናት ሳህኑን እስከ ጠርዙ ይጠርገዋል፤ ከእኔም ሳህን ይቀላውጣል። በቀሩት አምስት ቀናት ይጠብቃል። በአራት ሳምንት አሥራ አንድ ፓውንድ ቀንሷል፤ አንድ የሰባ ድመት ማለት ነው። ሱሪውን በገመድ ነው የሚያስሩለት። ሐኪምዎ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት እንክብል አዘዘለት፤ ቸኮሌት የሚመስል ነገር በጣሳ ይሰጡታል፤ አንዲት ባለሙያም መጥታ «ሃርላን፣ በሕይወትዎ ደስተኛ ነዎት?» ብላ ብትጠይቀው «እራት ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መለሰላት። እሷም «ጥያቄው አልገባቸውም» ብላ ጻፈች። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ጥያቄው የገባው እሱ ብቻ ነው።

፮ኛ/ ደንብ አክባሪ ሴት ስለሆንሁ በሩን ለመስበር አልቸኮልሁም። ባልን ወደ ሚስት ማምጣት ካልተፈቀደ፣ ሚስትን ወደ ባል ማዛወር ይፈቀድ እንደሆነ መመሪያዎን መረመርሁ። ይፈቀዳል፤ መታገዝ የሚያስፈልጋት መሆኑ በፈተና ከተረጋገጠ። እሰየው ብዬ ለፈተናው ተመዘገብሁ፤ ለመውደቅም አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ።

ፈታኟ ነርስ ፓውላ ነበረች። ክብ ሰዓት ሥይ ስትለኝ ቁጥሮቹን ወደ ግራ አዙሬ ደረደርኋቸው። በአንድ ደቂቃ የምታውቂያቸውን እንስሳት ጥሪ ስትለኝ «ላም፤ ሌላ ላም፤ ያችኛዋ ላም» አልሁ። ቀኑን ስትጠይቀኝ «ዓርብ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ዓሣው ስላልተጠበሰ እርግጠኛ አይደለሁም» አልሁ። ፓውላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አርዲስ፣ ይህን ፈተና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈትኛለሁ። በእውነት አሳብ የጠፋባቸው ሰዎች ላብ እስኪያጠምቃቸው ነው የሚሞክሩት፤ ያሳዝናሉ። እርስዎ ግን ያን ሰዓት ሲሥሉ ምላስዎን አውጥተው እየሳቁ ነበር» አለችኝ። ከዚያ «ለሃርላን ብለው ነው አይደል?» አለች። ያን ጊዜ መሳቄን ተውሁ። እጄን ይዛ ብዙ ተቀመጠች፤ ቢሆንም ሐሰት መጻፍ አትችልምና «ፍጹም ራሳቸውን የቻሉ» ብላ ፈረመች። ለመውደቅ ተፈትኖ መውደቅም ያቃተው ሰው በዚህ ቤት የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ነርሷን ግን አደራ እንዳይቆጧት፤ በሁለቱም ክንፍ ተወዳጅ ናት፤ ሽማግሌ ደግሞ ሥራ ፈት ስለሆነ ቂም ለመያዝ ጊዜ አለው።

እንግዲህ ነገሩ ተጠቃልሎ ሲታይ፣ ባሌ ከእኔ ጋር ለመብላት በጣም ደክሟል፣ እኔ ከባሌ ጋር ለመብላት በጣም ጤነኛ ነኝ። ለዚህ ጥበብ ያላበቃኝ ትምህርቴ ማነሱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎን ሞኝ ማለቴ እንዳይመስልዎት፣ ስለ ወረቀቱ ነው የማወራው።

የምጠይቀው መመሪያዎ እንዲቀደድ አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት እንደሚወደድ አውቃለሁ። የምጠይቀው አንድ ወንበር ነው፤ በጠረጴዛ ቁጥር ሰባት፣ ከእኔ በስተቀኝ፣ ጀርባው ወደ አዳራሹ የዞረ፣ ጎብኚዎችዎ ድንቹን እንዳያዩት። ክረምቱ እየመጣ ነው። እሱ ከአሁኑ በረዶ የያዘኝ ይመስለዋል፤ እውነተኛው በረዶ ሲወርድ እስከ ስንት ሰዓት ሊጠብቀኝ ነው? ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሌላ አሥራ አንድ ፓውንድ የለውም።

መልስዎን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። መልስ ቢመጣም ባይመጣም፣ ዓርብ በአሥር ሰዓት ተኩል ሃርላንን ክንዱን ይዤ በመስታወቱ በር እመጣለሁ። የበሩን መክፈቻ ቁጥር ሠራተኞችዎ በየቀኑ ፊታችን ስለሚጫኑት ሕንፃው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። በርናዲን ከአሮጌ መዘምራኖቿ ሰባቱን አሰባስባ ስንገባ ልታስዘምር ተዘጋጅታለች፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው አይደለም፣ ጩኸታቸው ግን ጨምሯል። ኦርቪል ደግሞ ጥቁሩን የቀብር ልብሱን አስተኩሶ ሰቅሏል፤ ጎብኚዎቹ በዋናው በር ሲገቡ ቁመታቸውን በዓይኑ እየለካ አንድ በአንድ እንኳን ደኅና መጣችሁ ሊላቸው ነው። እንዲተወው ለመንሁት፤ እውነቱን ለመናገር ግን አጥብቄ አልለመንሁትም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ እርሱም በየጠዋቱ አረንጓዴ፣ ጠንካራ ጥርስ፣ የማይፈስ ሾርባ፣ እርጅናም በመጣብዎ ጊዜ እርስዎን የሚመስል ሥራ አስኪያጅ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ በሕግ የተረጋገጠ ጤነኛ፣
አርዲስ ቶለፍሰን (አርሊን አይደለችም)
ክፍል ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ አረንጓዴ ምንጣፍ

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች ምክር ቤት፤
ለወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ከአንድ ጣሳ ዘይት ጋር፤
ለሸክላዋ ጥጃ፣ ለመረጃ ያህል።

ማሳሰቢያ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ አላወቁኝም፤ እኔ ግን ሥራ በጀመሩ ዕለት አውቄዎታለሁ። ከአውቶቡሴ በር በስተቀኝ፣ የመጀመሪያው ወንበር፣ የመስኮቱ ጥግ። አንደኛ ክፍል ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ደንብ ትንንሾቹ ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት፤ ወንድምዎ ኩርት አምስተኛ ክፍል ስለ ነበረ ኋላ ነበር። እርስዎ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከቤታችሁ ደጅ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ፣ ፊትዎን ወደ ኋላ አዙረው «ኩርት ይምጣ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ በመጨረሻ ቁርስዎን ጫማዬ ላይ አስታወኩት። በአራተኛው ሰኞ አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቁሜ ኩርትን ከኋላ ጠርቼ አጠገብዎ አስቀመጥሁት። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠርቶ «ለአንድ ከከፈትሽ ለሁሉም ከፈትሽ፤ ደንብ ደንብ ነው» አለኝ፤ እሺ ብዬው ወጣሁ፤ ኩርትም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከአጠገብዎ አልተነሣም። በየጠዋቱ ትከሻው ላይ ተኝተው ይሄዱ ነበር። አውቶቡሱ አልተገለበጠም።